"ኡስታዝ፣ እናቴ ስትመጣ ባላውቃትስ?" ለልጆቻችን ስለምንነግራቸው ተረት



ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን የምናስቀራቸው ሕፃናት አሉ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ መግሪብ እስኪደርስ አንድ ታሪክ እንነግራቸዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከነቢያት ወይም ከሶሓቦች ታሪክ። በቅርቡ የነገርናቸው ግን ከኪታብ ያገኘነው አልነበረም። ያመጣችልን ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች የሰፈራችን እህት ናት። እዚያው ቤት አብራት ትሠራ የነበረች ኢንዶኔዢያዊት ስለ አገሯ ስታወራት የነገረቻት ተረት ነው።

ተረቱ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር የሚኖር የድሃ ልጅ ነበር። ማሌዎች ሲ ታንጋንግ ይሉታል፤ የሱማትራ ደሴት ሚናንግካባዎች ደግሞ ተመሳሳዩን ታሪክ ማሊን ኩንዳንግ በሚል ስም ያወሩታል። ልጁ ካደገ በኋላ "ሀብት ይዤ እመለሳለሁ" ብሎ እናቱን ተሰናብቶ በመርከብ ሄደ። ሠራ፣ ተሳካለት፣ የመርከብ አዛዥ ሆነ፣ የትልቅ ሰው ልጅ አገባ። ከዓመታት በኋላ መርከቡ ያቺው መንደር ዳር ቆመ። እናቱ ወሬውን ሰምታ፣ በልጅነቱ የሚወደውን ሙዝ ይዛ፣ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈች መጣች። እሱ ግን ያረጀ ልብሷን ሲያይ በሚስቱ ፊት አፈረ። "ይህችን አሮጊት አላውቃትም፤ አባርሯት" አለ። እናትየው እጇን ወደ ሰማይ አነሳች። ማዕበል ተነሣ፤ መርከቡም ልጁም ድንጋይ ሆኑ። ዛሬም በፓዳንግ ከተማ፣ አይር ማኒስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ በግንባሩ የተደፋ ሰው የሚመስል ድንጋይ "እሱ ነው" እየተባለ ለልጆች ይታያል።

ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ። እናቱ ዐረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። "ኡስታዝ፣ እናቴ ስትመጣ ባላውቃትስ?" አለን።

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀንም ነበር። ወደ እኛ አስጠግተን፣ መርሳት መካድ እንዳልሆነ፣ አላህ ባሪያውን በረሳው ነገር እንደማይዘው፣ እሱ ባያውቃት እንኳ እሷ እንደምታውቀው ነገርነው። እነዚህን ልጆች ስለ ወላጅ ሐቅ ብዙ ጊዜ አስተምረናቸዋል። በሱረቱል ኢስራእ አላህ እሱን ብቻ ከመገዛት ቀጥሎ ለወላጅ በጎ መዋልን እንዳዘዘ ያውቃሉ። የዚህ ልጅ ጭንቀት ግን በዚያ ሁሉ ትምህርት አልወጣም። የወጣው የማያውቀው አገር የድሃ ልጅ ታሪክ ሲነገረው ነው።

በማግስቱ አንድ ወጣት ወንድማችን በአደብ ጠየቀን፦ "ቁርኣንና ሐዲስ እያለ የማሌይ ተረት መስጂድ ውስጥ ምን ይሠራል?" ቀላል ጥያቄ አይደለም። እናቱ ስትጠራው በሶላቱ ቀጥሎ፣ ዱዓዋ የደረሰበትን የጁረይጅን ታሪክ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ እናውቃለን። ያ ይቀድማል፤ በምንም አይተካም። ነገር ግን ልጆቻችን ተረት መስማታቸው የማይቀር ነው። ጥያቄው ማን ይንገራቸው ነው። ስለዚህ ተረቱ የመጣበት አካባቢ ሙስሊሞች ከጥንት በወረሱት ነገር ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅመናል።

ማሌዎችና ጃዋዎች ጎረቤታሞች እንጂ አንድ ሕዝብ አይደሉም፤ ቋንቋቸውም ይለያያል። ሁለቱም ግን በብዛት ሙስሊሞች ናቸው፤ ኢንዶኔዢያ ብቻዋን ከ200 ሚሊዮን በላይ ሙስሊሞች አሏት። እስልምና ጃዋ ሲደርስ ሕዝቡ ዋያንግ ኩሊት የሚባል የጥላ ትርኢት ነበረው። ዳላንግ የሚባለው ባለሙያ ነጭ ጨርቅ ይወጠርለታል፤ ከራሱ በላይ መብራት ይሰቀላል። ከጎሽ ቆዳ ተቀርጸው የተሠሩ ምስሎችን እያንቀሳቀሰ ጥላቸውን ጨርቁ ላይ ያሳርፋል። የንጉሡንም የሎሌውንም ድምፅ የሚያወጣው እሱ ብቻውን ነው። ከኋላው ጋሜላን የሚባሉት፣ በአብዛኛው ከነሐስ የተሠሩ መሣሪያዎች በብዙ ሰው ይመታሉ። ትርኢቱ ከምሽት እስከ ንጋት ይዘልቃል። ልጆች ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ሴማር የሚባለው ወፍራም ቀልደኛና ልጆቹ ሲወጡ ይነቃሉ። ሴማር መልከ ጥፉ አገልጋይ ነው፤ ለጌቶቹ እውነቱን የሚነግራቸው ግን እሱ ነው። ዩኔስኮ ዋያንግን እ.ኤ.አ. በ2008፣ ጋሜላንን ደግሞ በ2021 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል።

ችግሩ ታሪኮቹ ነበሩ። አብዛኞቹ ከሕንድ የመጡ የማሃባራታና የራማያና ታሪኮች ናቸው፤ ጣዖታትና አማልክት ሞልተውባቸዋል። የጃዋ ትውፊት እንደሚለው፣ እስልምናን ካስፋፉት ዘጠኙ ወሊዮች አንዱ የሆኑት ሱናን ካሊጃጋ ትርኢቱን አላቃጠሉትም፤ ለደዕዋ ተጠቀሙበት። ምስሎቹ ረጃጅም ክንድና ሹል አፍንጫ ኖሯቸው እውነተኛ ሰው እንዳይመስሉ የተደረገውም በዚያ ዘመን ነው ይባላል። ከማሃባራታ ጀግኖች የአንዱ ኃይለኛ መሣሪያ "ካሊማሳዳ" ይባላል፤ የጃዋ ሙስሊሞች ይህን "ከሊመቱ ሸሃዳ" ብለው ይተረጉሙታል። በዮግያካርታና በሱራካርታ ደግሞ በረቢዐል አወል ወር የቤተ መንግሥቱ ጋሜላን ወደ ታላቁ መስጂድ ግቢ ወጥቶ ይመታል፤ በዓሉን ሰካቴን ይሉታል።

እኛ ይህን ሁሉ ደግፉ እያልን አይደለም፤ ፈትዋ ሰጪም አይደለንም። እዚያው ያሉ ሙስሊሞችም አልተስማሙበትም። በማሌዢያ የኬላንታን ግዛት መንግሥት ማክ ዮንግ የተባለውን የማሌዎች ጥንታዊ ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1991 ከለከለው፤ በ2019 ደግሞ ሸሪዓን በጠበቀ መንገድ እንዲታይ ፈቀደ። ከተቃውሞዎቹ አንዱ ከትርኢቱ ጋር ተያይዞ መናፍስት መጠራታቸው ነበር። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። በጃዋም ሩዋታን የሚባል ሥርዓት አለ፤ ለምሳሌ ወንድምና እህት የሌለውን ልጅ ባታራ ካላ የተባለ ጭራቅ እንዳይበላው ተብሎ ዋያንግ ይዘጋጅለታል። ይህን ሙስሊም ልጅ ፊት እንደ ቁም ነገር ማቅረብ አይቻልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሰንና ለሑሰይን በአላህ ቃላት ጥበቃ ይለምኑላቸው ነበር፤ ለልጆቻችን ያ በቂ ነው።

ታዲያ ከዚህ ምን እንውሰድ? በኛ እይታ ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ተረትን ተረት ብሎ መንገር። ጃዋዎች "ሜናክ" የሚሉት የትርኢት ዘርፍ አላቸው፤ ጀግናው አሚር ሐምዛ ነው፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት። ታሪኩ ከፋርስ ተነሥቶ በማሌይ ቋንቋ በኩል ጃዋ የደረሰ ነው። በመንገዱ ላይ ግን በሲራ የማናውቃቸው ጦርነቶች፣ ልዕልቶችና ጭራቆች ተጨምረውበታል። ኡሑድ ላይ ሸሂድ የሆኑት ሐምዛ (ረ.ዐ) እና የአሻንጉሊቱ ሐምዛ አንድ አይደሉም። ልጅ ይህን ልዩነት ቀድሞ ካልተነገረው፣ ሲያድግ አንዱን ሲጥል ሌላውንም አብሮ ሊጥል ይችላል። የሲ ታንጋንግን ተረት ስንነግርም "ይህ ተረት ነው፤ የእናት ዱዓ ግን እውነት ነው" ብለን ነው የጀመርነው።

ሁለተኛ፣ ዐቂዳን የሚነካውን ሳያመነቱ መተው። የመናፍስት ጥሪ፣ አማልክት፣ "ይጠብቅሃል" የሚባል ክታብ ይቅር። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዑለማዎች የተናገሩትን ታውቃላችሁ፤ የጥላ ትርኢት ግን በሰው ድምፅ ብቻም ይሠራል። ሌላውን ለየአካባቢያችሁ ዑለማዎች እንተወዋለን።

ሦስተኛ፣ አብሮ መቀመጥ። በዋያንግ የቀናንበት ይህ ነው። አያት፣ አባትና ልጅ አንድ ጨርቅ ፊት ያድራሉ፤ ልጁ ሲፈራ የሚጠጋበት፣ ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አለ። እኛስ? የሀገር ተረት ሲነሣ "ዛዛታ ነው" ብለን እንዘጋለን፤ ልጁ እንዳያስቸግረን ግን ስልኩን እንሰጠዋለን። ስልኩ ውስጥ ያለው ታሪክ ከሲ ታንጋንግ የተሻለ ተርቢያ አለው? ማን እንደሠራው፣ ምን እንደሚያስተምር እናውቃለን? ስልኩስ "እናቴን ባላውቃትስ?" ብሎ ቢጠይቀው ይመልስለታል?

ይህን የምንጽፈው በተለይ ለእናንተ ለከተማ ወጣቶች ነው። ብዙዎቻችሁ ታናሽ ወንድምና እህት፣ የእህት ልጅ አላችሁ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ፣ ነጠላ ወጥሩ፤ ከኋላ የስልካችሁን መብራት አብሩ፤ ከካርቶን መርከብና ጀልባ ቆርጣችሁ የዚህን ልጅ ታሪክ ንገሯቸው። እኛ ሞክረነዋል፤ መቀስና አንድ አሮጌ ካርቶን ነው የፈጀው። ከዚያ ጥያቄያቸውን ስሙ፤ መልሱን ካላወቃችሁ "እንጠይቃለን" በሉ፤ አያፍሩም፣ አታፍሩም።

ከሁሉ በፊት ግን እናታችሁ ሩቅ ከሆነች ዛሬ ደውሉላት። ያ የስምንት ዓመት ልጅ በዚያው ሳምንት በአያቱ ስልክ እናቱን አነጋግሯል። "ምን አልካት?" ብንለው "ፊትሽን ጠጋ አድርጊው አልኳት" አለን።

አላህ በየሰው አገር የሚደክሙ እናቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ልጆቻችንንም የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።