ማስታወቂያው የዘለለው ዕቃ

«ጌሚንግ ፒሲ! ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ፣ አርጂቢ ኬዝ። ስላይትሊ ዩዝድ፣ እንከን የለሽ። ዋጋ በኢንቦክስ።»

የቴሌግራም ገበያ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ይህን ዓይነት ማስታወቂያ ሳያይ የሚውልበት ቀን የለም። ላይ ላዩን ሲያዩት የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። ቁጥሩ ደልደል ያለ ነው፣ ኬዙ በመብራት አሸብርቋል፣ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ «ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር» እያለ ከርሟል። የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሊገዛ ወይም ዕቃ በዕቃ አሰባስቦ ሊያስገጥም የተነሳ ሰው ሲያማክረኝ ግን የምመልሰው አንድ ነው፦ የተጻፈውን ተወውና ያልተጻፈውን ጠይቅ። እዚህ ማስታወቂያ ላይ የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን የለም፤ የግራፊክስ ካርዱ ስም የለም፤ ፓወር ሳፕላይ የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም። ገንዘብ የሚባክነውም ዕቃ የሚቃጠለውም በእነዚህ በኩል ነው።

ከኮር አይ 7 እንነሳ። ኢንቴል ይህን ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ስለሆነ፣ ስሙ ብቻውን የትናንቱንም የዘንድሮውንም ዕቃ ይጠራል። ገበያችን ውስጥ ዛሬም የሚዞረው አይ 7-4770 የአራተኛው ጀነሬሽን ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2022 መጀመሪያ የወጣው አይ 3-12100ም አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው፤ በጨዋታ ላይ ግን ያንን አይ 7 በሰፊ ልዩነት ይበልጠዋል። «አይ 3 ነው» ብሎ የናቀው ገዢ «አይ 7 ነው» ብሎ ለአሮጌው ብዙ ብር ይከፍላል። መዘዙ ፍጥነት ላይ ብቻ አያበቃም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ አራተኛው ጀነሬሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ የለም። ቫሎራንትን የመሰለ ጨዋታም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉትን የደህንነት መከላከያዎች ካላገኘ አይከፈትም።

ለጀማሪ ስድስት ኮር ያለው የቅርብ ዘመን ፕሮሰሰር ይበቃዋል። ብሩ ጠበቅ ካለ ራይዘን 5 5600 ወይም አይ 5-12400ኤፍ ጥሩ ነው። ኤፍ የምትለዋን ፊደል ግን ልብ በሉ፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ካርዱን ወር ቆይቼ እገዛለሁ ያለ ሰው እስከዚያው ባዶ ስክሪን ያያል። ብሩ ትንሽ ከተፈታ ራይዘን 5 7600 ይሻላል። የሚቀመጥበት ኤኤም5 ሶኬት በ2022 የወጣ ነው፤ ኤኤምዲ ቢያንስ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 አዳዲስ ፕሮሰሰር እያወጣለት እንደሚቀጥል ቃል ገብቷል። ከዓመታት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሮ ማዘርቦርዱን ማቆየት ይቻላል ማለት ነው። ማዘርቦርድ ስትመርጡ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ራም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሁለተኛ፣ የቆየ ማዘርቦርድ ባዮሱ (የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም) ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሲነሳ ሳታዩ አትክፈሉ።

«4 ጊጋ ግራፊክስ» የሚለው ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። ጊጋው የካርዱን ሚሞሪ እንጂ ጉልበቱን አይለካም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ ሆኖ ይሸጣል፤ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650ም ባለ 4 ጊጋ ነው። የመጀመሪያው ከፊልም ብዙም አያልፍም፣ ሁለተኛው ጂቲኤ 5ን በፉል ኤችዲ ያለችግር ያስኬዳል። አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋ አለው፤ አርቲኤክስ 4060 8 ጊጋ ብቻ ይዞ በአብዛኛው ጨዋታ ይቀድመዋል። ስለዚህ የካርዱን ሙሉ ስም ያልነገራችሁ ሻጭ ምንም አልነገራችሁም። ስም ነግሮ የሚያታልልም አለ። ከቻይና የመጣው «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» በተግባር አርኤክስ 570 ነው። ከዚያም የከፋው የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ዓይነቱን የተጭበረበረ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል ይጽፍበታል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ፍላሽ አላስገባም» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ካርዱን ከመምረጣችሁ በፊት ግን ጨዋታውንና ስክሪኑን ወስኑ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይጀምራል። ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን በሴኮንድ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳይም፤ ካርዱ 150 ቢያመርትም ትርፉ ዓይን ላይ አይደርስም። 4ኬ ስክሪን ደግሞ የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ነጥብ ስለሚይዝ ካርዱ በዚያው ልክ ይለፋል። ለኢኤ ኤፍሲ፣ ለጂቲኤ 5 እና ለካውንተር ስትራይክ 2 የምትገጥሙ ከሆነ ፉል ኤችዲ ባለ 144 ኸርዝ ስክሪንና አርኤክስ 6600 ወይም አርቲኤክስ 4060 ይበቃችኋል። አዳዲሶቹን ግዙፍ ጨዋታዎች የምታስቡ ግን ተጠንቀቁ፤ በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ጨረር ስሌት) የሌለውን ካርድ ጨርሶ አይቀበልም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ኦንላይን ስትጫወቱ የሚያስቆጣችሁ ፒንግ የኢንተርኔት ጉዳይ ነው፤ የትኛውም ካርድ አይፈታውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፓወር ሳፕላይን ማንም አያወራለትም፤ «ኬዙን ከገዛህ በነፃ ነው» እየተባለ ይሰጣል። በእጃችሁ ያዙትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አንብቡ። ፊቱ ላይ 500 ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሠንጠረዡ ውስጥ 12 ቮልት የሚለውን ፈልጉ፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ መስመር ነው። ከሥሩ 18 አምፒር ካለ አባዙት፦ 12 በ18፣ 216 ዋት። 500 የተባለው ዕቃ ለጨዋታ የሚሆን ጉልበቱ ይኸው ነው። ደህና የሆነ የ550 ዋት ፓወር ሳፕላይ በዚያው መስመር 45 አምፒር አካባቢ ይጽፋል፤ ያም 540 ዋት ይሆናል። ራይዘን 5 5600 እና አርቲኤክስ 4060 የያዘ ኮምፒውተር በጨዋታ ሰዓት ከ250 ዋት ብዙም ስለማይዘል፣ ጥሩ 550 ይበቃዋል፤ የውሸት 500 ግን አይችለውም። ሲሞት ደግሞ ብቻውን ላይሞት ይችላል፤ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

በእኛ አገር መብራት ይህ ምክር ሁለት እጥፍ ይከብዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፤ አንዳንድ ሰፈር ማታ ማታ አምፖሉ እስኪደበዝዝ ይወርዳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሳፕላይ መውረዱን ይችላል፣ መዝለሉን ግን ሁልጊዜ አይችለውም። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። ዩፒኤስ ብትገዙ መልካም ነው፤ ግን 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሹ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት እንጂ ማታውን ሙሉ ለመጫወት አይሆንም። ኬዙን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ወይም ኤክስቴንሽኑ ግራውንድ የለውም ማለት ስለሚሆን፣ ከኮምፒውተር ባለሙያው በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ኬዝ ላይ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት ይሠራል። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ባለ መብራት ኬዝ ያምራል፣ አየር ግን አያስገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ይክሰዋል እንጂ በተደፈነ ኬዝ ውስጥ ብርዱም አይገባም። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ተራ ኬዝ ይሻላል። በጋ ላይ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አራግፉት።

ራም ባለ አንድ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ ሁለት ሆኖ ሲገባ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነብባል፣ በጨዋታም ልዩነቱ ይታያል። ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ካላበራችሁ የከፈላችሁበት ፍጥነት ተኝቶ ይቀራል። ዋጋው ይወርዳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የዓለምን ሚሞሪ እየጠቀለሉት ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ የራም ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል፤ ማይክሮንም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ክሩሻል የተባለውን ለተራ ገዢ የሚሸጥበትን ዘርፍ እንደሚዘጋ አስታውቋል።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣላችሁ ከሆነ ትንንሹንና ውዱን አስመጡ፦ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ። ካርዱም ይምጣ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክቶ ሳይሆን በራሱ ካርቶን ይሁን፤ ከባድ ካርድ በጉዞ ላይ ሶኬቱን ይገነጥለዋል። ኬዝና ስክሪን ግን እዚሁ ግዙ። ከአሜሪካ የሚመጣ ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ እንዳለው ሳታዩ አትሰኩት። 115 ላይ እንዳለ የኛን 220 ካገኘ ያንኑ ደቂቃ ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ያበቃለታል።

ይህን ሁሉ አንብቦ «አቅሜ አይፈቅድም» ለሚለውም መንገድ አለ። ከውጭ የገባ ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ፣ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ገዝቶ ካርድ መጨመር ይቻላል። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላይ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ ግን እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ያለምንም ገመድ ይሠራል። ስትገዙ ባለ 8 ጊጋው እንዳይሆን ተጠንቀቁ፣ እሱ ገመድ ይፈልጋል፤ የቢሮ ኮምፒውተሩ ኬዝም ጠባብ ከሆነ የካርዱን ቁመት ለኩ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃ ስለተወደደ በእኛ ገበያ የተሳሳተ ዕቃ ገዝቶ መልሶ መግዛት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍርዴን በአጭሩ ልስጥ። ስክሪኑን ሳይጨምር ከመቶ ብራችሁ 40 ያህሉን ለካርዱ፣ 30 ያህሉን ለፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፣ የቀረውን ለራም፣ ለኤስኤስዲ፣ ለፓወር ሳፕላይና ለኬዝ መድቡ። ሒሳቡ አልሞላ ካለ መጀመሪያ ከኬዙ መብራት ቀንሱ። አሁንም ካልሞላ ካርዱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ ካርድ ዓመት ቆይቶ ይቀየራል። ከፓወር ሳፕላዩ ላይ ግን አምስት ሳንቲም አትቀንሱ።