የዋልያው ቅናሽ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ?

«የዕቅዱ አፈጻጸም 0 በመቶ» የምትል መስመር በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ ስትገኝ፣ አንባቢው «ሥራው አልተጀመረም ማለት ነው» ብሎ ያልፋታል። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው! ዜሮ ማለት እኮ ባለበት ቆመ ማለት ነው። ወደ ኋላ የተንሸራተተውስ በምን ይጻፍ?

እስቲ ወደ ደባርቅ እንውጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 ዋልያው ስለተመናመነና ሰውና ከብት ስለበዛበት አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ የገብስ ማሳውን ትቶ ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍር ተደረገ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ዋልያውስ? በ2015 ገደማ ከ800 በላይ ነበር። በ2024 ሲቆጠር 300 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በመሃሉ ጦርነት አለ፣ ጠባቂ ያጣ ገደል አለ፣ የአዳኝ ጥይት አለ። በምክንያቱ እንከራከር፤ ቅናሹ ግን ቅናሽ ነው። (ስሙን የተዋሱት የኳስ ቡድኑና ቢራው ደህና ናቸው።)

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገራችን ሰው። የኛ ሪፖርት ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ «ከቆጥ የማውረድ ሥራ ተጀምሯል» ብሎ ይዘጋው ነበር።

ሒሳቡን እንየው። ዋልያን በ50 እጨምራለሁ ብሎ ያቀደ ክፍል በዓመቱ 50 ቢያልቅበት አፈጻጸሙ ስንት ነው? ዜሮ? በፍጹም! ከዜሮ በታች 100 በመቶ ነው። አሁን በኮምፒዩተር አረንጓዴና ቀይ እያበራ ለአለቃ የሚቀርበው ዳሽቦርድ ከዜሮ በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ አድርጎ እንዲቆጥር ከተሠራ፣ አማካዩን ተመልከቱ። መንደር ማንሳት 100፣ የጠባቂ ሥልጠና 100፣ ዋልያ 0፤ ለሦስት ሲካፈል 67 ገደማ። «ጥሩ ጅምር ነው» ይባላል። እውነተኛው ቁጥር፣ ከዜሮ በታች 100፣ ከገባ ግን ውጤቱ 33 ነው። አንዲት የመቀነስ ምልክት ተደብቃ ውጤቱን እጥፍ አደረገችው!

መቀነሱ ደግ የሆነበትም አለ፤ የወላድ እናቶች ሞት ሲቀንስ እልል ነው። ስለዚህ የትኛው ቅናሽ ድል፣ የትኛው ኪሳራ እንደሆነ ዕቅዱ ሲወጣ ይጻፍ እንጂ ሪፖርት ሲደርስ ትርጉም አይፈለግለት።

አይቻልም የሚል ካለ ጎረቤት ዳባት ይሂድ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ እዚያ ባለው የጥናት ጣቢያው የተወለደውን፣ የመጣውን፣ የሞተውንና የሄደውን ቤት ለቤት ያስመዘግባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይደመራሉ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ይቀነሳሉ። በዚህ ምክንያት «የዳባት ገጽታ ተበላሸ» ያለ ሰው አልሰማንም።

እንግዲያው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የዋልያውን ቁጥር በየዓመቱ ከነመቀነስ ምልክቱ ለሕዝብ ያውጣ። የግጭ ሰዎች ያጡት ማሳና ከብትም በዚያው ገጽ ይስፈር። «ተነሡ» የተባሉት ለዋልያው ሲባል ነበር። ዋልያው ካለቀ የእነሱ ሒሳብ ከማን ይወራረዳል?