ነገር በብር ሲመዘን

በአባቶቻችን ዘመን ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወደ ዳኛ የሚሄዱ ባላጋራዎች በመንገድ ያገኙትን አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ፣ ቆመህ ፍረደን» ብለው ሲያስቆሙት፣ ያ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አድርጎህ ነው?» ብሎ እንጂ «ክርክራችሁ ስንት ብር ያወጣል?» ብሎ አልነበረም። ያ ሥርዓት ይመለስልን የምል አይደለሁም፤ ጉድለቱ ብዙ ነበርና። ነገር ግን ዛሬ በፍርድ ቤቶቻችን ነግሦ የሚኖረው አሳብ፣ የነገር ክብደት በብር ልክ ይታወቃል፣ ብሩ ያሰመረውም ወሰን እንደ መቅደስ መጋረጃ አይታለፍም የሚለው፣ ከዚያ የበለጠ ርትዕ ያለበት መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱን ሥልጣኖች፣ የቦታውንና የሥረ ነገሩን፣ በአንድ ዐይን አያያቸውም። ክሱ በተከሳሹ መኖሪያ ወይም መሥሪያ ስፍራ፣ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት፣ ወይም ቤቱና መሬቱ ባለበት ቦታ መቅረብ ሲገባው በሌላ ቦታ ቢቀርብ፣ ተከራካሪው በጊዜው ካልተቃወመ ፍርዱ በአንቀጽ 10 ይጸናል። የሥረ ነገር ሥልጣን ሲሆን ግን፣ የገንዘቡ ልክ የሚገባው በዚህ ውስጥ ነውና፣ ሁለቱም ወገኖች ዝም ቢሉ እንኳ ዳኛው ራሱ አንሥቶ መዝገቡን እንዲዘጋ አንቀጽ 9 ያስገድደዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የጅማው ሰው ምስክሮቹን አሳፍሮና አበል ቆርጦ አዲስ አበባ ድረስ እንዲመጣ የሚያደርገው፣ በእውነት የሚጎዳው ስሕተት ይቅርታ አለው፤ ከግምቱ በቀር በማንም ላይ ጉዳት የማያደርሰው ስሕተት ግን ይቅርታ የለውም።

የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የገንዘብ ወሰን ገና 500,000 ብር በነበረበት ጊዜ በአንድ ችሎት በር ላይ ያየኋቸውን አንዲት ባልቴት አልረሳም። የቤት ክርክር ነበራቸው፤ ካርታውን፣ ኑዛዜውንና የግብር ደረሰኙን በፌስታል ይዘዋል። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ፣ ምስክሮቻቸው ተሰምተው ካለቁ በኋላ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ቤቱ ከተገመተው በላይ የሚያወጣ መሆኑን የሚገልጽ የመሐንዲስ ግምት አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም ሥልጣን የለኝም ሲል መዝገቡን ዘጋ። ባልቴቷ ብይኑን ሲሰሙ ጸሐፊዋን ጠጋ ብለው «ታዲያ ልጄ፣ ቤቱ የኔ ነው ወይስ አይደለም?» አሏት። ጸሐፊዋ «እማማ፣ እሱን ገና የሚያየው ሌላ ፍርድ ቤት ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም።

ወሰኑ ቅዱስ ነው እንዳንል ደግሞ ራሱ ተንከራታች ነው። በ1958 የወረዳው ፍርድ ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት በሌለበት ክርክር እስከ 500 ብር፣ የአውራጃው እስከ 5,000 ብር ያይ ነበር። አዋጅ ቁጥር 25/1988 ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት 500,000 ብር ወሰነለት፤ ዶላሩ በ6 ብር ግድም ይመነዘር በነበረበት ጊዜ የተሰመረው ይህ መስመር፣ ምንዛሪው 40 ብር ግድም እስኪደርስ 25 ዓመት ሳይነቃነቅ ቆየ፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በአንድ ጊዜ ሃያ እጥፍ አድርጎ 10 ሚሊዮን አደረሰው። የ3 ሚሊዮን ብር ውል ሊመረምር አይችልም የተባለው ዳኛ፣ አዋጁ በጸና ማግሥት ይችላል ተባለ። በዚያች ሌሊት ምን ትምህርት እንደ ተገለጠለት የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ባለኝ።

ሥራ በፍርድ ቤቶች መካከል መከፋፈል አለበት፣ ያለዚያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥቃቅን ክርክር ይሞላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ሥራን ለማከፋፈል የተበጀ መስመር የሰውን ምስክርና ዓመታት ከንቱ የሚያስቀር ሰይፍ ሊሆን አይገባውም። ግምቱ ገና ከጅምሩ፣ ምስክር ሳይሰማ፣ አንድ ጊዜ ተከራክረውበት ይወሰን፤ ስሕተቱ ዘግይቶ ቢገኝም የተሰማው ምስክርና የተያያዘው ማስረጃ ከነመዝገቡ ይተላለፍ። ይህን ለመፈጸም አንድ መሸኛ ደብዳቤና አንድ ተላላኪ ይበቁ ነበር። ያን ዕለት ግን ባልቴቷ ፌስታላቸውን አንሥተው፣ መዝገብ ቤቱ ወዴት እንደሆነ እየጠየቁ በእግራቸው ሄዱ።