«እርጅና ነው» የሚባል ምርመራ የለም!

የ50 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ «ዶክተር፣ መርሳት አበዛሁ» ሲል «እርጅና ነው፣ ጭንቀትም ይሆናል» ብሎ መሸኘት ምን ማለት ነው? ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህ ስንፍና ነው።

ጭንቀት ያስረሳል፤ አልክድም። ግን ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ የቢ12 እጥረት ደግሞ ያስረሳል። የታይሮይድ ማነስም እንዲሁ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉ። ድብርትና እንቅልፍ ማጣትም መፍትሔ አላቸው።

ቤተሰብም «ደግሞ ረሳሽው?» እያላችሁ አትሳቁ። ኢንሱሊን መወጋቷን የረሳች እናት ደግማ ከተወጋች ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። በተወጋች ቁጥር ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉላት።

መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪማችሁን ግን «ቢ12 እና ታይሮይድ ይታይልኝ» በሉት፤ ቢቆጣም።