ፎቶውን አታስነሡባቸው

ይህ ጥሪ በአሜሪካ በሆም ኬር፣ በነርሲንግ ሆምና በአዛውንቶች መኖሪያ ለሚሠሩ ወገኖቼ ነው፤ ለሲኤንኤዎች፣ ለነርሶች፣ ምግብ ለሚያቀርቡና አዛውንቶችን ወደ ሐኪም ለሚያመላልሱ ሁሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ ይሁን በሲያትል ወይም በኦክላንድ፣ ይህ ሥራ ለብዙዎቻችን የስደት የመጀመሪያ እንጀራ ነው። የምናጥባቸውን፣ የምናጎርሳቸውን፣ ሌሊት ሲጨንቃቸው አጠገባቸው የምንቀመጥላቸውን ሰዎች ግን ምን ያህል እናውቃቸዋለን?

ከእነሱ መካከል ዕድሜያቸውን ከሌላ ሴት ጋር በፍቅር የኖሩ ሴቶች አሉ። በ1965 ሃያ አምስት ዓመቷ የነበረች ሴት ዛሬ ሰማንያ አምስትን አልፋለች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሌዝቢያን ሴቶችን የመብት ትግል ያስጀመረው ትውልድ የመጨረሻዎቹ ሰዎች እንግዲህ በእኛ እጅ ላይ ናቸው። አብዛኞቹ ስማቸው መጽሐፍ ላይ አልሰፈረም። አዲስ ተንከባካቢ ሊመጣ ነው ሲባሉ ከራስጌያቸው ያለውን ፎቶ አንሥተው መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ አሉ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ፎቶ በቦታው እንዲቆይ ማድረግ የጋራ ኃላፊነታችን ይሁን። ምክንያቱን ላስረዳ።

በ1950ዎቹ አሜሪካ ሌዝቢያን መሆን ተደብቆ መኖር ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 የፈረሙት ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ሰው ከፌዴራል መንግሥት ሥራ ለማባረር በር ከፈተ። ፖሊስ የሚሰባሰቡባቸውን መጠጥ ቤቶች ይወርር ነበር፤ የተያዘ ሰው ስሙ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ፣ ሥራውንም ቤቱንም ሊያጣ ይችላል። እናቶች በፍርድ ቤት ልጆቻቸውን ይነጠቁ ነበር። ሐኪሞች ደግሞ ነገሩን የአእምሮ በሽታ ብለው መዝግበውታል።

በዚህ ዘመን፣ በ1955፣ ስምንት ሴቶች ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ቤት ተሰበሰቡ። ሐሳቡን ያመጣችው ሮዝ ባምበርገር የተባለች ፊሊፒናዊት ስትሆን ፍላጎቷ ቀላል ነበር፤ ፖሊስ ሳይደርስባቸው የሚጨፍሩበትና የሚጫወቱበት ቦታ ማግኘት። ማኅበሩን ዶተርስ ኦፍ ቢሊቲስ አሉት፤ ለውጭ ሰው የግጥም ክበብ እንዲመስል። ከስምንቱ መካከል ሲያትል አንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ የተዋወቁት ዴል ማርቲንና ፊሊስ ላየን ይገኙበታል። ዴል ሊቀመንበር፣ ፊሊስ ጸሐፊ ሆኑ። ለጭፈራ የተቋቋመው ክበብ ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሌዝቢያኖች የመብት ድርጅት ሆነ።

በኦክቶበር 1956 ዘ ላደር የተባለ መጽሔት አወጡ። የመጀመሪያው እትም 175 ኮፒ ያህል ብቻ ነበር፤ በታይፕ ተመትቶ፣ በማባዣ ማሽን ተባዝቶ በፖስታ የተላከ። በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ያዞረ ኢትዮጵያዊ የዚያን ወረቀት ክብደት ያውቀዋል። ፊሊስ መጽሔቱን ያዘጋጀችው አን ፈርጉሰን በሚል የብዕር ስም ነበር። ስማችን ዝርዝር ውስጥ ቢገባ ምን ይመጣብናል ብለው የሚፈሩ አንባቢዎችን ለማበርታት፣ ከጥቂት እትሞች በኋላ አን ፈርጉሰን መሞቷን በመጽሔቱ ላይ አስነግራ በገዛ ስሟ መፈረም ጀመረች። በ1957 ደብዳቤ ከላኩላቸው መካከል ሎሬን ሀንስቤሪ ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተውኔቷ ብሮድዌይ ላይ የታየላት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊ። እሷም የፈረመችው በስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው።

የመጽሔቱን ሽፋኖች በየዓመታቸው ደርድሮ ያየ ሰው ትግሉን በዓይኑ ያየዋል። ለዓመታት የሚወጣው የእጅ ሥዕል ነበር፤ ፊቷን የምትሰጥ ሴት አልተገኘችማ። በ1963 ባርባራ ጊቲንግስ አዘጋጅ ስትሆን የሕይወት አጋሯ ኬይ ላሁሰን ካሜራዋን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ጀርባቸውን የሰጡ፣ ጥቁር መነፅር ያጠለቁ ሴቶች ወጡ። በጃንዋሪ 1966 ሊሊ ቪንሰንዝ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ፈገግ ብላ ሽፋኑ ላይ ታየች። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኧርነስቲን ኤክስታይን ተከተለች። አንዲት ሴት ፈገግታዋን በአደባባይ እስክታሳይ ድረስ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። ዛሬ መሳቢያ ውስጥ የሚገባው ፎቶ የዚያ አሥር ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ሊሊ ቪንሰንዝ በኤፕሪል 1965 ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ለዚሁ መብት ሰልፍ ከወጡት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች። እኛም ለአገራችን ጉዳይ ባንዲራ ይዘን የምንጮኽበት ያው አጥር ነው። ወንዶቹ ከራቫት አስረው፣ ሴቶቹ ቀሚስ ለብሰው፣ መፈክራቸውን ይዘው ክብ እየሠሩ ተመላለሱ። ኤክስታይን በዚያው ዓመት ቀጥሎ በተደረገ ሰልፍ ላይ ተገኝታለች፤ ከጥቁሮች የመብት ትግል ልምዷን ይዛ የመጣች ሴት ናት። ቪንሰንዝ ኋላ ከፖቶማክ ማዶ አርሊንግተን ቤቷን ለሴቶች በየሳምንቱ ክፍት ታደርግ ነበር። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት አርሊንግተን ማለቴ ነው። ይህ ታሪክ የጎረቤቶቻችን ታሪክ ነው።

በሕክምና ሙያ ላይ ያለን ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ አለብን። ጊቲንግስ ተማሪ ሳለች ስለ ራሷ ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ዞራ ያገኘችው ስለ በሽታና ስለ ወንጀል የተጻፈ ብቻ ነበር። በ1972 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዳላስ ላይ ሲሰበሰብ እሷና የትግል ጓዷ ፍራንክ ካመኒ አንድ ሐኪም አብሯቸው እንዲናገር አደረጉ። ሐኪሙ ጆን ፍራየር ሥራውን እንዳያጣ ጭንብል አጥልቆ፣ ድምፁን በማይክሮፎን አስቀይሮ ተናገረ። በ1973 መጨረሻ ማኅበሩ ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀርን ከበሽታ ዝርዝሩ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙዎች በወላጆቻቸው ፈቃድ ሆስፒታል ተዘግቶባቸዋል፤ በኤሌክትሪክ ንዝረት የታከሙም አሉ። ነጭ ጋዋን ሲያዩ የሚደነግጡ አዛውንት ቢያጋጥሙን መጃጀት ነው ብለን አንለፈው። ፍርሃታቸው ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

እነዚህ ሴቶች የሠሩት ለራሳቸው ብቻ አልነበረም። ዴል ማርቲን በ1976 በባሎቻቸው ስለሚደበደቡ ሚስቶች መጽሐፍ አሳተመች፤ ጉዳዩ የቤት ገበና ተብሎ በሚታለፍበት ዘመን መጠለያ እንዲከፈትና ሕግ እንዲወጣ ወተወተች። ከባሏ ዱላ ሸሽታ አሜሪካ ውስጥ መጠለያ ያገኘች ኢትዮጵያዊት ሁሉ ከዚህ ሥራ ተካፍላለች። በ1983 ደግሞ በኤድስ ፍርሃት ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ወንዶች ደም እንዳይሰጡ ሲታገዱ፣ የሳንዲያጎ ሌዝቢያን ሴቶች በእነሱ ፈንታ ለመስጠት ተሰለፉ፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ የሚጠጉ ሴቶች መጡ። በዴልና በፊሊስ ስም በ1979 ሳንፍራንሲስኮ የተከፈተው ክሊኒክ በ2011 ዕዳ በዝቶበት ሊዘጋ ሲል የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አተረፈው። የጋራ ኃላፊነት ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው፤ ጉዳዩ የእኔ አይደለም ያላለ ሰው የሠራው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ኢሊኖይ ውስጥ አንዲት አዛውንት ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረች አጋራቸው ከሞተች በኋላ ወደ አዛውንቶች መኖሪያ ገቡ። ስለ እሷ ሲያወሩ የሰሙ ሌሎች ነዋሪዎች ይሰድቧቸው፣ ይተፉባቸው፣ ይመቷቸውም ጀመር። አስተዳደሩ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ እንዲያውም የሚገቡባቸውን የጋራ ቦታዎች ቀነሰባቸው። ክስ መሠረቱ። በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ነዋሪ እንዲህ ሲጠቃ እያወቀ ዝም ያለ አከራይ በፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። ዝም ማለት ከተጠያቂነት እንደማያድን ልብ በሉ።

ሕጉ ከዚህም በፊት ቢሆን ከእኛ ብዙ ይጠብቃል። የ1987ቱ የነርሲንግ ሆም ሕግ ነዋሪ በክብር የመያዝ፣ የግል ዕቃውን አጠገቡ የማኖርና የፈለገውን ጠያቂ የመቀበል መብት አለው ይላል። በ2010 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማ ባስተላለፉት መመሪያ መሠረት፣ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚወስዱ ሆስፒታሎች ታማሚው የመረጠውን ጠያቂ «የሥጋ ዘመድ አይደለህም» ብለው መመለስ እንዳይችሉ ደንብ ወጥቷል። ካሊፎርኒያም በ2017 ተመሳሳይ ፆታ ለሚያፈቅሩ የእንክብካቤ ተቋም ነዋሪዎች ለብቻው የመብት ሕግ አውጥታለች።

ከወገኖቼ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ሃይማኖቴ አይፈቅድም፤ ያደግሁበት አገርም አይፈቅድም» ይባላል። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዛሬም ይቀጣል፤ ብዙዎቻችንም ያደግነው በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንካራ ቃል እየሰማን ነው። እምነታችሁን ጣሉ ለማለት አልተነሣሁም። የታመመን መጠየቅ፣ ያረጀን መጦር ግን ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም የተማርነው ነው፤ የትኛውም አስተማሪ መጀመሪያ የአልጋውን ባለቤት ኑሮ መርምሩ ብሎ አላስተማረንም። ደግሞም ከመካከላችን ይህን ጽሑፍ በር ዘግታ የምታነብ እህት እንዳለች አትርሱ። ያቺን አዛውንት እንዴት እንደያዝናት አይታ እኛን ትለካናለች።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ አዲስ አዛውንት ስንቀበል «ባልዎ በሕይወት አሉ?» ማለቱን ትተን «በጣም የሚቀርብዎ ሰው ማነው?» እንበል። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፤ ላገባችውም፣ ላላገባችውም፣ ከሴት ጋር ለኖረችውም እኩል ትሠራለች። የሚነግሩንን ስም በትክክል መዝግበን ያ ሰው ሲመጣ እንደ ቤተሰብ እናስገባው።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ አንማቸው። ሁለት ሆነን አልጋ ስናነጥፍ ተጠቃቅሰን የምንስቀውን ሳቅ አዛውንቷ ቋንቋውን ባይሰሙም ስለ እሳቸው መሆኑ አይጠፋቸውም። ባልደረባችን ሲጀምር «ተው» እንበለው። ሌላ ነዋሪ ሲሰድባቸው ከሰማን ለኃላፊው በጽሑፍ እናሳውቅ፤ ሥልጠና ከሌለም እንዲሰጠን እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ሣጥኑ እንዳይጣል። ሰው ሲሞት ክፍሉ በቀናት ውስጥ ይጸዳል፤ የሩቅ ዘመድ መጥቶ ልብሱን ለእርዳታ፣ ወረቀቱን ለቆሻሻ ይሰጣል። ንብረቱ የወራሽ ስለሆነ አንዲት ደብዳቤ እንኳ መውሰድ የለብንም። «ይህን የሚቀበል ቤተ መዛግብት አለ» ብሎ መናገር ግን ማንንም አይጎዳም፤ አዛውንቷ በሕይወት ሳሉ ቢነገራቸው ደግሞ ራሳቸው ይወስናሉ። ኒውዮርክ ያለው የሌዝቢያኖች ቤተ መዛግብት በ1974 ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዷ በሆነችው በጆአን ኔስል አፓርታማ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ብሩክሊን የራሱ ሕንፃ አለው፣ የሚሠራውም በበጎ ፈቃደኞች ነው። ካስረከቡለት መካከል በ1902 የተወለደችው ሜብል ሀምፕተን ትገኛለች፤ በወጣትነቷ ሀርለም ውስጥ ጨፋሪ፣ ከዚያ ለረጅም ዘመን የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረች ጥቁር ሴት። መጻሕፍቷንና ወረቀቶቿን ባትጠብቅ ኖሮ ስለዚያ ዘመን የምናውቀው ይቀንስ ነበር። የሊሊ ቪንሰንዝን ወረቀቶች የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ተረክቧል። ዴልና ፊሊስ በ2004 ሲጋቡም፣ ያ ጋብቻ በፍርድ ቤት ተሽሮ በ2008 እንደገና ሲጋቡም የለበሱት ያንኑ ሱፍ ነበር፤ ሁለቱ ልብሶች ሳንፍራንሲስኮ በታሪክ ማኅበር እጅ ይገኛሉ። ዴል ከሁለተኛው ሠርግ ሁለት ወር ገደማ ቆይታ አረፈች። አንድ ሰው ልብሶቹን አሮጌ ናቸው ብሎ ቢጥላቸው ማን ይከሰው ነበር?

አራተኛ፣ ጊዜ ያላችሁ ጊዜ ስጡ። ቤተ መዛግብት ስካን የሚያደርግ፣ የተቀዳ ድምፅ የሚገለብጥ፣ ሣጥን የሚደረድር ሰው አይጠግብም። ለኮሌጅ የበጎ ፈቃድ ሰዓት የሚፈልጉ ልጆቻችን እዚያ ሊሠሩት ይችላሉ። የማኅበር፣ የሬዲዮና የማኅበራዊ ገጽ መሪዎች ደግሞ ስለ አዛውንት አያያዝ ስታወሩ ይህን ጉዳይ አትዝለሉት።

ዶተርስ ኦፍ ቢሊቲስ ሲቋቋም ገንዘብ አልነበረውም፣ የሚከላከልለት ሕግም አልነበረም፤ የነበረው ስምንት ሰው ነው። እኛ ሕጉም ከጎናችን ነው፣ በአንድ ፈረቃም ከስምንት እንበልጣለን። ከሚቀጥለው ፈረቃ እንጀምር።