አዳራሹ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቀን ይቆረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር የማይቀር ምኞት አለ፤ በወር አንድ ጊዜ የማይታጠፍ የክላሲካል ሙዚቃ ምሽት። ፒያኖውም፣ ቫዮሊኑም፣ ማሲንቆና ክራሩም ያለ ጫጫታና ያለ ቢራ የሚሰሙበት። ለምን እንደማይዘልቅ ሲጠየቁ መልሱ ያው ነው፤ አዳራሽ የለም፣ የተቃኘ ፒያኖ የለም፣ ስፖንሰር የለም፣ ሕዝቡም ገና አልለመደውም። እኔ ግን የጎደለው ቀን ይመስለኛል። ለዚህ ማስረጃ የምጠራው አንድም የኮንሰርት አዳራሽ የማይታወቅበትን የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው፤ ወግዲንና መካነ ሰላምን።

ወግዲ ላይ ለዝግጅት ማስታወቂያ አይለጠፍም። በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ነው፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ወርኃዊው በዓል ቀለል ይላል፣ ዓመታዊው ሲደርስ ደግሞ ሌሊቱ ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ይሰለፋሉ። ዜማው በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁሙ ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው እየተወዛወዘ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግዱ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ጨምሮ፣ ጭብጨባ ተጨምሮበት ወደ ጽፋት ይሄዳል። አንዱ ቃል በየደረጃው ሌላ መልክ ይይዛል። ግዕዝ ባይሰማም ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ቦታ የቆመ ሰው መረግዱ ሲያልቅ ያውቃል፤ እግሩ ቀድሞ ይነግረዋል። መሪው ቢሳሳት ከዐውደ ምሕረቱ ዳር የቆሙት አሮጊት ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ። የለመደ አድማጭ ማለት ይኸው ነው። ለማልመድ ዘመቻ ያደረገ የለም፤ ቀኑ ሳይዛነፍ ስለመጣ ብቻ ለመደ።

አገሩ ለዚህ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ፣ ገዳማቸው ጋስጫ እዚሁ በወሎ ቦረና ምድር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መባቻ ላይ የኖሩት እኚህ ሊቅ አርጋኖንንና መጽሐፈ ምሥጢርንም ጽፈዋል፤ ለእኔ ነገር ግን ዋናው ሰዓታቱ ነው። ደራሲው አንድ ቀን ተሰምቶ የሚደነቅ ድርሰት ሠርተው አልሄዱም። ሌሊቱን በሰዓት ከፋፍለው፣ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚባል ደንግገው፣ ዜማውን ከጊዜው ጋር አስረውት አለፉ። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም በየደብሩ ይቆማል። የዜማው መጽሐፍ ድጓም ቢሆን ተከፍቶ ሲታይ የዓመት መርሐ ግብር ነው። ከዮሐንስ ማለትም ከመስከረም ተነስቶ፣ በአስተምህሮ አልፎ፣ ወደ ፋሲካ ይዘልቃል፤ ለሁዳዴ የራሱ ጾመ ድጓ ተለይቶለታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሲያበጁለት፣ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ርክርኩን ከቃሉ በላይ ሲያሰፍሩ፣ ምልክቱ የተጻፈው ቀድሞ ቀን ለተሰጠው ዜማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መሪጌታ ቢያነቡኝ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ማኅሌት ጸሎት እንጂ ኮንሰርት አይደለም ይሉኛል። ልክ ናቸው። ወረቡን ወደ መድረክ አውጡት፣ ቲኬት ቁረጡለት አልልም፤ እንዲያ ሲደረግም አይቼ አልወደድኩትም። የምበደረው ሥርዓቱን ነው። የታወቀ ቀን አለው፣ ለቀኑ የተለየ ዜማ አለው፣ ዜማውን የሚያስተምር ጉባኤ አለው፣ የጉባኤውን ተማሪ በቁራሽ እንጀራም ቢሆን የሚያኖር መንደር አለው። ከአራቱ አንዱ ቢወጣ ሦስቱ አይቆሙም። በዓለማዊው ሙዚቃችን ግን ትምህርት ቤቱን ብቻ ሠርተን ሌሎቹ በራሳቸው ይመጣሉ ብለን ተቀመጥን።

መንዙማም ይህንኑ ይላል። የወሎ ሙስሊም መንዙማውን የሚሰማው በሐድራው ቀን፣ ከዱዓውና ከጫቱ ጋር፣ በመውሊድ ደግሞ በብዛት ነው። ጀማ ንጉሥ ወደተባለው የወሎ ስፍራ ለመውሊድ የሚተመው ሕዝብ የሚሄድበትን ቀን የሚነግረው አዘጋጅ ኮሚቴ አይፈልግም።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስል ላይፕዚግን ማየት ይበቃል። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1723 የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ሙዚቃ ሲረከብ አብዛኛውን እሑድ ካንታታ ይፈለግበት ነበር። ዛሬ እንደ ተአምር የምንሰማው ሥራ ብዙው የተጻፈው ሰንበት ስለማይቆይ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1743፣ 16 የከተማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው 16 ሙዚቀኛ ቀጠሩና የራሳቸውን ኮንሰርት ጀመሩ። ዝነኛው የጌቫንድሃውስ አዳራሽ የተከፈተው ግን በ1781 ነው፤ ማኅበሩ ከቆመ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎት።

አዲስ አበባ በተቃራኒው ከአዳራሹ ጀመረች። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነበር። ኢዮቤልዩ ግን በየወሩ አይመጣም። ቤቱ ብዙ ታላላቅ ሥራ አይቷል፣ የነርሲስ ናልባንዲያንን ያህል የሙዚቃ ሰውም በውስጡ ሠርቷል፤ የማይነቃነቅ የወር ቀን ግን ለመሣሪያ ሙዚቃ አልተሰጠውም። ሰው አጥተን አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት ያቋቋሙት አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ለኦርኬስትራ ጽፈው የተጫወተላቸው የሃንጋሪ ኦርኬስትራ ነው። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኗቸው በዓለም የታወቀው ኢትዮፒክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ ነው። ግርማ ይፍራሸዋ ያሬድና ሶፊያ ተምሮ ትዝታንና አምባሰልን በፒያኖ ያሰማል፤ እሱን ለመስማት ግን ማስታወቂያ መጠበቅ አለብህ። ሦስቱንም የአገራቸው ሰው በዝና ያውቃቸዋል፤ ስንቱ በጆሮው እንደሰማቸው ሌላ ጥያቄ ነው።

ገንዘቡስ? ስፖንሰር የሚባለው ነገር ለአንድ ምሽት ባነር ይሰቅላል እንጂ ወር አይጠብቅም። የሚጠብቀው ጽዋ ማኅበር ነው። አሥራ ሁለት ቤት ተሰባስቦ ጽዋው ሲዞር እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል፤ ተረኛው ቢቸገር ሌላው ይሸፍናል፣ ቀኑ ግን አይዘለልም። የላይፕዚግ ነጋዴዎች ያደረጉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እኔ የማላውቀውን የውጭ ድርጅት ደጅ ከምጠና አሥራ ሁለት የሱቅ፣ የወፍጮ ቤትና የሆቴል ባለቤቶችን በየወሩ ተረኛ ባደርግ እመርጣለሁ።

መካነ ሰላም ላይ ይህን መሞከር ይቻላል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተማው ውስጥ አለ፤ አንድ ሰፊ ክፍልና ወንበር ይበቃል፤ ማጉያ ባይኖር ይሻላል፣ ማሲንቆ በማጉያ ሲጮኽ ጭረቱ ብቻ ይቀራል። አራት ቅኝት አለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ልጆቹ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በጆሮ መለየት ካቃታቸው ቆየ። በየወሩ አንድ ቅኝት ብቻ ይሰማ፤ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት በዚያው ቅኝት እየተቀባበሉ። በአራት ወር ይዞራል፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ ጳጉሜን ለተማሪዎቹ ሙከራ ትተዋለች። ሁዳዴ ሲገባ ማሲንቆው ይረፍና በገና ይቀመጥ፤ ረመዳን ሲሆን ተራው የመንዙማ ይሁን። በሦስተኛው ዙር ባቲና አምባሰልን የማይለይ አድማጭ ካለ አስተማሪው ተጠያቂ ነው።

የቀረው የቀኑ ምርጫ ነው፣ ይህም ቀላል አይደለም። ከሠላሳው ቀን ባለቤት የሌለው የለም፤ በሚካኤል ወይም በማርያም ማድረግ ከማኅሌቱ ጋር መጋፋት ነው፣ ዓርብም የጁምዓ ነው። ማታውም ለመንገደኛ አይመችም፤ ከሰዓት በኋላ መሆን አለበት። ለእኔ የሚታየኝ ወሩ በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ከተቀበለ ጥቂት ቀን ነው፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ የወረዳው ባለሙያም ኪሳቸው ገና አልሳሳም፣ አሥር ብር ለመግቢያ ቢጠየቁ ይሰጣሉ። ሰባት ሰው ቢመጣ ለሰባት ሰው ይጫወቱ፤ በሚቀጥለው ወር ቅዳሜውን ወደ እሑድ ማዛወር ግን ክልክል ይሁን።