የኤቢኤስ መብራትና የነጋዴው ሒሳብ

ከቢቸናና ከሞጣ ገበያ የሚነሣው ጤፍ አዲስ አበባ የሚደርሰው፣ ከአዲስ አበባ የሚጫነው ስኳር፣ ሳሙናና ቆርቆሮም ወደነዚሁ ከተሞች ሱቆች የሚገባው በመኪና መሆኑ የታወቀ ነው። መንገዱም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሓ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ስለዚህ በዚህ መሥመር የሚነግድ ሰው ሁሉ፣ የራሱ መኪና ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ንብረቱን ለፍሬን አደራ ሰጥቷል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኤቢኤስ ስለተባለው የፍሬን መሣሪያ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንዳንዱ ባለንብረት ኤቢኤስ ያለው መኪና ቁልቁለት አያሠጋውም ብሎ ያምናል። ሌላው ደግሞ የማስጠንቀቂያው መብራት ሲበራ ፊውዙን አስነቅሎ ወይም አምፖሉን አስወጥቶ የተገላገለ ይመስለዋል። የመጀመሪያው መሣሪያውን ካለማወቅ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሒሳብን ካለማወቅ ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሾፌር በድንገት ፍሬን አጥብቆ ሲረግጥ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተ የፊት ጎማም ለመሪ አይታዘዝም። ኤቢኤስ ባለው መኪና ግን በጎማው አጠገብ የተተከለው ሴንሰር ጥርስ ያለውን ቀለበት እየተከታተለ ፍጥነቱን ይለካል። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ኮምፒዩተሩ ቫልቩን አዝዞ የፍሬኑን ግፊት ለአፍታ ያላላል፤ ወዲያውም ይመልሰዋል። ይህም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ከእግር ሥር መንቀጥቀጡ መሣሪያው መሥራቱን እንጂ መበላሸቱን አያመለክትም። ስለሆነም ሾፌሩ ደንግጦ እግሩን ማንሣት ወይም ፔዳሉን ደጋግሞ መምታት አይገባውም፤ አጥብቆ ረግጦ መሪውን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ማዞር ነው። ቦሽና መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1978 በኤሌክትሮኒክ የሚሠራውን ኤቢኤስ ለገበያ ያቀረቡት ለዚሁ ጥቅም ነበር።

ነገር ግን ኤቢኤስ የጎማን መቆለፍ ይከለክላል እንጂ የጋለ ፍሬን አያቀዘቅዝም። በዓባይ ቁልቁለት ፍሬኑን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሾፌር ሸራውንና ታምቡሩን ያግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኀይሉን ያጣል። እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እየያዘ መውረድ ነው። እንዲሁም ልቅ ጠጠር ባለበት የገጠር መንገድ ኤቢኤስ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት ሊያስረዝም ስለሚችል፣ ከፊት ካለው መኪና መራቅ ያስፈልጋል።

ስለ ብልሽቱም ቢሆን፣ መብራቱ በበራ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። የክረምት ጭቃ በሴንሰሩ ላይ ይጋገራል፤ ጠጠር ሽቦውን ይበጥሳል፤ ያለቀ ኩሽኔታ ቀለበቱን ከቦታው ያናጋል፤ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎችን ቀላቅሎ መግጠም ልኬቱን ያሳስታል፤ የደከመ ባትሪም መሣሪያውን ያውካል። እነዚህን አስቀድሞ የሚመረምር መካኒክ ለባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ ያተርፍለታል።

«ኤቢኤሱ ባይሠራም ተራው ፍሬን ይይዛል» የሚሉ አሉ። ቢጫው መብራት ብቻውን ሲበራ አባባሉ ባብዛኛው እውነት ነው። ሆኖም በዝናብ ቀን ጭነት የያዘ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ቢንሸራተት የሚጠፋው ገንዘብ ከአንድ ሴንሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ የሰው ሕይወት ደግሞ ከቶ ዋጋ የለውም። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን ወዲያው መቆም ግዴታ ነው። አምፖሉን ማስወጣትም ሕመምን ከሐኪም እንደ መደበቅ ነው፤ መኪናውን በኋላ የሚገዛውንም ሰው ማታለል ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሁሉ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋቱን ይመልከት፤ ጨርሶ ካልበራ ይጠይቅ።

በዚህ ረገድ የነጋዴው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያሉትን ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ ኤቢኤስ አላቸው። አስመጪው ከሸራና ከጎማ ጋር ሴንሰሩን፣ ቀለበቱንና ሽቦውን ከየሞዴሉ ጋር አመሳክሮ ያስመጣ። የመለዋወጫ ባለሱቅም የፍሬን ዘይትን እንደ ምግብ ዘይት ቀድቶ አይሽጥ፤ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ እርጥበት ይስባልና ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 እንደታሸገ ይሸጥ። ጤፉን የሚያስጭነው ነጋዴም የጭነቱን ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የዳሽቦርዱን መብራት ይይ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ በቢቸና ወይም በሞጣ ጋራዥ በጥቂት ብር የሚታደሰው ነገር ነገ በዓባይ በረሓ በገንዘብ የሚመለስ አይሆንም።